በካፖርቴ ገበር የመጣው ኪኒን

ሻንጣ ይጠፋል ብለው ያስፈራሩኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። የአንዷ ሻንጣ ሌላ አገር ወርዶ ቀርቷል፣ የሌላዋ ግማሹ ባዶ ሆኖ ደርሷል፤ እኔ ገና ትኬት ሳልቆርጥ ሁለቱም አልቅሰውልኝ ነበር። እኔም የልጄን መድኃኒት ለሻንጣ አላምንም ብዬ በካፖርቴ ገበር ውስጥ ሰፋሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለእያንዳንዱ የኪኒን ስትሪፕ ልክ የሆነ ኪስ አበጅቼ፣ ገበሩን መልሼ ስዘጋው የሰፋሁት እኔ ራሴ እንኳ መርፌው የት እንደገባ አላገኘውም ነበር። ካርቶኑን ቦታ ይይዛል ብዬ ከነመመሪያው ጣልኩት።

ልጄ ያለችበት አገር ስደርስ አንድ ባለመነጽር የጉምሩክ ሰው ያንን ስፌት ዓይኔ እያየ በምላጭ ተረተረው። የተቀመጥንበት ክፍል መስኮት የለውም፤ በሩም ከውስጥ እጀታ አልተገጠመለትም። ስልኬን ቀምቶ በላስቲክ ከረጢት አሽጎ ከፊቱ አስቀምጦታል። ጠረጴዛው ላይ ባለው ሌላ ስልክ በኩል ደግሞ ወደ ቋንቋዬ የሚተረጉም አንድ ወጣት ይናገራል። ከኋላው ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል።

«እማማ፣ ይህ የማን ነው? ይልዎታል» አለኝ።

ጎረቤቶቼ «የሰው ዕቃ ይዣለሁ እንዳትዪ» ብለው መክረውኛልና አፌን ሞልቼ «የራሴ ነው» አልኩ።

«ለምን ይወስዱታል?»

«ለወገቤ።»

ይህን መልስ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ባለመነጽሩ ኮምፒውተሩ ላይ ጥቂት ከነካካ በኋላ ረጅም ነገር ተናገረ።

«እማማ፣ ዞርቬል የሚባለው መድኃኒት እዚህ አገር ያለ ልዩ ፈቃድ አይያዝም ይላሉ። ብርቱ ማስተኛ ነው። ሱስ ስለሚያስይዝ በድብቅ ይሸጣል። እርስዎ ደግሞ ልብስ ውስጥ ሰፍተውታል።»

«ምን ማስተኛ? የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው እንጂ!»

«ለወገቤ ነው ብለው ነበር።»

ከድጡ ወደ ማጡ ይሏችኋል ይህ ነው። አስተርጓሚው ከባለመነጽሩ ጋር ሲነጋገር ቆይቶ ነገሩን አስረዳኝ። መድኃኒት የሚሠሩ ድርጅቶች ለኪኒናቸው ስም ያወጣሉ፤ ያንኑ ስም በሌላ አገር ሌላ ድርጅት ለሌላ ኪኒን ሊያወጣው ይችላል። በእኛ ዘንድ ዞርቬል የሚጥለውን በሽታ ያስታግሳል፤ እዚህ ዞርቬል ያስተኛል። ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ የተጻፈው ደግሞ እኔ በጣልኩት ካርቶን ላይ ነው። ስትሪፑ ላይ ያለው ስሙ ብቻ ነው።

«ታዲያ ይመርምሩት!» አልኩ።

«ይመረምሩታል፤ ግን ቀናት ይፈጃል። እስከዚያ እርስዎም ስልክዎም እዚሁ ናችሁ።»

እንዲህ ሲለኝ ነው ልጄ ትዝ ያለችኝ። 

ያንን ኪኒን ከጀመረች ወዲህ ጥሏት አያውቅም። እዚህ መጥታ ሥራ የያዘችውም፣ የወለደችውም፣ መኪና የነዳችውም በእሱ ነው። በቀደም ስትደውል «እማ፣ መድኃኒቴ አለቀብኝ፤ የሐኪም ቀጠሮዬም ገና ነው። ግን አታስቢ፣ አብራኝ የምትሠራው ዞርቬል አላት፣ ከራሷ ሰጠችኝ። ብቻ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል» አለችኝ። እኔም «ደክሞሽ ነው» ብዬ ዘጋሁ። ዛሬ ደግሞ የልጅ ልጄን ከኋላ ጭና እኔን ልትቀበል በፈጣኑ መንገድ እየመጣች ነው።

«ልጄ!» አልኩት አስተርጓሚውን። «መድኃኒቱ የልጄ ነው፤ ዋሽቻለሁ። እሷ የእናንተን ዞርቬል እየዋጠች መኪና ትነዳለች። ንገረው፣ ይደውልላት!»

ነገረው። ባለመነጽሩ መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

«እማማ… ‹ተቀባይ አላት ማለት ነው፤ ልታስጠነቅቃት ነው› ይላሉ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ እውነት ግን በተናገርኩት ቁጥር እየጠቆረ ሄደ። አንተ ደውልላት ብዬ አስተርጓሚውን ለመንኩት፤ «ከእንጀራዬ ይነቅሉኛል» አለኝ በሹክሹክታ፤ ከኋላው ሕፃኑ አሁንም ያለቅሳል። ደግሞስ ቁጥሯን መች አውቀዋለሁ? ያለው ከረጢቱ ውስጥ፣ እጄን ብዘረጋ የምደርስበት ቦታ ነው። በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ውጭ የቆመው ዘበኛ በበሩ ቀዳዳ አየኝና ዘጋው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ግድግዳ ጠልቼ አላውቅም።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። እንባዬን በተተረተረው ካፖርቴ ጠረግኩ።

«ስልኬን አሁን እንዲሰጠኝ ምን ላድርግ? ብለህ ጠይቀው።»

ተነጋገሩ። አስተርጓሚው ቀስ ብሎ ነው የመለሰልኝ። «እርስዎ የተከለከለ መድኃኒት ደብቄ አስገብቻለሁ ብለው ካመኑ መዝገቡ ይዘጋል፤ አያስሩዎትም፤ በመጡበት አውሮፕላን ይመልሱዎታል። ስልክዎንም ወዲያው ያገኛሉ። ግን እማማ፣ ያኔ ወደዚህ አገር ዳግመኛ አይገቡም። ምርመራውን ቢጠብቁ እኮ ነፃ ይወጣሉ።»

«አምኛለሁ በለው።»

«እማማ፣ ያስቡበት እንጂ…»

«አምኛለሁ አልኩህ!»

ጣቴን ቀለም አስነክተው አስፈረሙኝ። ባለመነጽሩ ከረጢቱን ቀደደና ስልኩን ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጎ ሰጠኝ። ለልጄ ደወልኩ። ጠራ። ጠራ። ነፍሴ አብራ ትጠራ ነበር።

«እማ! ወረድሽ?» ምላሷ ተሳስሯል፣ ከእንቅልፏ የነቃች ትመስላለች።

«የት ነሽ?»

«መንገድ ላይ። ልደርስ ነው።»

«ጥግ ያዢና አቁሚ።»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«አቁሚ ብዬሻለሁ! አሁን!»

በልጅነቷ አስፋልት ስትሻገር የምጮህባት ጩኸት ነው። ያኔም ሰምታኛለች፣ አሁንም ሰማችኝ። የመኪናው ድምፅ ዝግ አለ፤ ከዚያ ጨርሶ ጠፋ።

«ቆምኩ። ምን ሆነሻል፣ እማ?»

ሁሉንም ነገርኳት። ያ ኪኒን የአንቺ አይደለም፤ ሁለተኛ እንዳትውጪው፤ መሪውን እንዳትነኪ፤ ባልሽን ጥሪና ከዚያው ሐኪም ዘንድ ይውሰድሽ አልኳት። ማለቃቀስ ጀመረች።

«እሺ። ግን አንቺን ማን ይቀበልሻል?»

  ባለመነጽሩ የፈረምኩበት የመመለሻ ወረቀት ላይ ማኅተም መታ።

ከኋላ ወንበር ያቺ በፎቶ እንጂ በአካል አይቻት የማላውቃት የልጅ ልጄ ጮኸች።

«አያዬ! ደረስሽ?»

«ደረስኩ፣ የኔ እናት» አልኳት።