ነጭ ላይ ጥቁር ይሻላል

ሰዲቅ ሽጉጡን ከፌስታል አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ጌታቸው ወዲያው አወቀው። በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ግን ከበሮው ስድስት ጥይት የሚጎርስ፣ እጀታው ቀንድ የሆነ ሽጉጥ በቀወት ቆላ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት በመስኖ ውኃ ተራ በተነሣ ጠብ የሚስቱን የደብሪቱን ወንድም፣ ደስታን፣ ጭኑ ላይ የመታው ይኸው ሽጉጥ ነበር። የፊት ማነጣጠሪያው ከሥሩ ተሰብሯል። ደስታ በአካፋ የመታው ጊዜ መሆን አለበት፤ ስብራቱ አዲስ አይደለም፣ ዝጓል።

ጌታቸው ሸዋ ሮቢት ከመናኸሪያው ጀርባ ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ጠጋኝ ነው። የጣርማ በር ደጋ ሰው ሲሆን፣ ከወታደር ቤት ሲወጣ ቆላ ወርዶ አግብቶ እዚያው ቀረ። ሰዲቅ አማቹን ያቆሰለ ሰው ቢሆንም ገበያ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ አልነፈገውም። ዛሬም ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ማሾ ዋጋ ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ ነው ወደ ጉዳዩ የገባው፦ ማነጣጠሪያ ይተከልልኝ አለ።

ጌታቸው ሁለት አወጣለት። አንዱ መሐሉ ላይ ቀይ ፕላስቲክ የተቀበረበት ነው፤ ሌላው ጥቁር ብረት ብቻ። ሰዲቅ ሁለቱን በየተራ ዓይኑ ፊት ይዞ በኖራ የተቀባውን ግድግዳ አየባቸው። ዞሮ ደግሞ ጥላሸት የበላውን በር አየባቸው። እንደገና ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

«ጋሼ ጌታቸው፣ በቀትር ፀሐይ፣ ሃያ እርምጃ ላይ፣ ነጭ ነገር ላይ የትኛው ይሻላል?»

ጌታቸው ሥራውን ሲጠየቅ መዋሸት አይሆንለትም። ቀዩ ለጠቆረ ነገር እንደሚሆን ነገረው፤ ለቁጥቋጦ፣ ለከርከሮ ቆዳ፣ ለምሽት። ነጭ ላይ ግን ፀሐይ ሲያርፍበት የቀዩ ጠርዝ ይደበዝዛል። «ነጭ ላይ ጥቁር ይሻላል» አለ፤ ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ግን ከፋው።

«እንግዲያው ጥቁሩን ያድርጉልኝ። ለሐሙስ ይድረስ።» ሰዲቅ ከበሩ ላይ ተመለሰ። «ለምን እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል። ለደስታ ብቻ እንዳይነግሩት።»

ሐሙስ የሰዲቅና የደስታ እርቅ ነው። ጌታቸው ሽጉጡን ፊቱ አስቀምጦ ነገሩን እንደሚፈታ መሣሪያ በየብልቱ ፈታው። ለከርከሮ ነው እንዳይባል ከርከሮ የሚመጣው በጨለማ ነው፤ ደግሞም ከርከሮ ነጭ አይለብስም። በእርቅ ቀን በቀትር ነጭ ኩታ ለብሶ የሚቀመጠው ደስታ ነው። በእነ ደስታ መንደር ልማድ ሁለቱ ወገኖች የመስኖውን ቦይ መሐል አድርገው ትይዩ ይቀመጣሉ፤ ርቀቱም ሃያ እርምጃ ግድም ነው። ሊታረቅ የሚሄድ ሰው ደግሞ ማነጣጠሪያ ምን ያደርግለታል?

አልሠራም ቢል ደብረ ብርሃን ይዞት ይሄዳል። ለፖሊስ ቢያመለክት ያለው ማስረጃ አንድ ሰው ጥቁር መምረጡ ነው። ያም ይቅር፤ ደስታ ነገሩ በሽማግሌ እንዲያልቅ ብሎ ክሊኒክ ውስጥ «ሳጸዳው ባረቀብኝ» ብሎ ነበርና መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ለደስታ ቢነግረው ደስታም ታጥቆ ይመጣል። ለደብሪቱ የነገራት ነገር ደግሞ ውሎ ሳያድር ደስታ ጆሮ ይገባል። ስለዚህ ለማንም አልተናገረም። ጥቁሩን ማነጣጠሪያ ተከለ፤ ግን የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ወደ ቀኝ አዘመመው። በሃያ እርምጃ ጥይቱን ከስንዝር በላይ ወደ ግራ ይወስደዋል። ሰዲቅ ሊወስደው ሲመጣ አንድ ጊዜ አነጣጥሮ አየና እጁን ባረከለት። ሞክረው እንዳይለው ጌታቸው ፈርቶ ነበር፤ ሰዲቅ ግን ያሉት ሦስት ጥይቶች ለሐሙስ እንደሆኑ ነገረው። ጌታቸው ይህንንም በጥርጣሬው ላይ ደመረው።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ደስታ እንደተፈራው ነጭ ኩታውን ተከናንቦ፣ እያነከሰ እነ ጌታቸው ቤት መጣ። ጌታቸው ሙቀቱን ምክንያት አድርጎ ኩታውን እንዲያወልቅ ለመነው።

«ለእርቅ ራቁቴን ልቀመጥ?» ደስታ ወደ እኅቱ ዞረ። «ደብሪቱ፣ ይኼን የደጋ ሰው ሙቀቱ አናቱ ላይ ወጥቶበታል፤ ውኃ አፍስሽበት።» ሁለቱም ሳቁ።

ቀትር ላይ ቦዩ ዳር ጌታቸው ከአማቹ ጎን፣ ደብሪቱም ከኋላው ተቀመጡ። ከቦዩ ማዶ ሰዲቅ ከዘመዶቹ መሐል ነው፤ ቀኝ እጁ ኮቱ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ሸህ ኸይረዲን ሁለቱንም ወገን የዳኙ አንጋፋ ሽማግሌ ናቸው፤ ቦዩ ጫፍ ላይ ቆመው ረዘም አድርገው መረቁ። ሁሉም እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። ጌታቸው አሚን ሲል ዓይኑን ከሰዲቅ እጅ አላነሣም። ያ እጅ ለምርቃትም አልወጣም።

«ያመጣኸውን አምጣ» አሉ ሸሁ።

እጁ ከኮቱ ወጣ፤ ቀንዱ አብለጨለጨ። ጌታቸው ዘሎ ደስታ ፊት ቆመ። ሰዲቅ ግን ሽጉጡን በሁለት መዳፉ ላይ አጋድሞ፣ አፈሙዙን ወደ ራሱ ደረት አዙሮ ቦዩን ተሻገረ፤ ጎንበስ ብሎም ደስታ እግር ሥር አኖረው።

«ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ እንጂ» አለ ደስታ ከበስተኋላው ሱሪውን እየጎተተ። «ሚዜ ነኝ አሉ እንዴ?»

ጌታቸው ተቀመጠና ደብሪቱን ምንድነው ነገሩ ሲል በሹክሹክታ ጠየቃት። እሷም ይህን አለማወቁ ገረማት። በእነሱ መንደር የመታው መሣሪያ ለተመታው ይሰጣል። ሰጪው አስቀድሞ አያወራም፤ ካወራ ውለታ መቁጠር ይሆንበታል። የተቀበለው ሰው ደግሞ ዛፍ ላይ በሚሰቀል ነጭ ጨርቅ ላይ ሦስት ጊዜ ይተኩሳል። አንዴ እንኳ ከመታው መሣሪያው በቅን ልብ ተሰጥቷል ይባላል። ሦስቱንም ከሳተ ሰጪው ብረቱን ሰጥቶ ቂሙን አስቀርቷል ተብሎ ሁሉም ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እርቁ ይፈርሳል።

ከቦዩ ራቅ ብሎ ባለ የቁርቁራ ዛፍ ላይ መሐረብ የሚያህል ነጭ ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር። ሃያ እርምጃ ይሆናል። ሰዲቅ ማነጣጠሪያውን የመረጠው ለደስታ ዓይን ነበር።

ጌታቸው መናገር የነበረበት ያኔ ነው። ግን ምናልባት ይመታው ይሆናል ብሎ ተስፋ አደረገ። ደስታ ተኮሰ። ጨርቁ አልተነቃነቀም። በሁለቱም ማዶ ወሬ ተነሣ። ደስታ ተጠንቅቆ፣ ትንፋሹን ይዞ ደግሞ ተኮሰ፤ ሳተ።

ሽጉጡን አውርዶ ሰዲቅን አየው። «እኔን ሳይስት ጨርቅ ይስታል?»

ሰዲቅ ፊቱ አመድ መሰለ። «ወላሂ ደስታ፣ ደኅና ነበር።» ከኋላው የነበሩት ወጣቶች መነሣት ጀመሩ። የቀረው አንድ ጥይት ነው።

ጌታቸው ተነሣ። «ማነጣጠሪያውን ያጣመምኩት እኔ ነኝ» አለ። የጠየቀው ሳይኖር ሁሉንም ተናገረ፦ የሰዲቅን ጥያቄ፣ ነጩን፣ ሃያ እርምጃውን፣ ለደስታ አትንገር መባሉን። ሲናገር ደብሪቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች።

ሸህ ኸይረዲን እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ጌታቸውን ትተው ወደ ደስታ ዞሩ፤ ማዶ ያሉትም ሁሉ ወደ ደስታ ዞሩ። የሚያምነው አማቹ ይህን ሲያደርግ አላወቀም ብሎ ማን ይቀበላል?

«ታውቅ ነበር?» አለ ሰዲቅ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ነገ ሰዲቅ የሰጠው ጠማማ ሽጉጥ ነው እንዲባል ፈልገህ?»

«አላውቅም።»

«የአንድ ቤት ሰዎች ናችሁ።»

ደብሪቱ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ተናገረች።

«ሰዲቅ፣ ባሌ ዛሬ ጠዋት ኩታህን አውልቅ ብሎ ሲለምነው ወንድሜ ሳቀበት። እኔም ሳቅሁ። ነጭ ላይ ሊተኩስብኝ ነው ብሎ የጠረጠረ ሰው ነጭ ለብሶ ፊትህ ይቀመጣል?»

ሰዲቅ የደስታን ኩታ ከትከሻው እስከ ጫፉ አየው። ብዙ አየው። ከዚያ ወደ ጌታቸው ሄዶ ፊቱ ቆመ።

«ለምን አልጠየቁኝም?»

«ፈራሁ።»

«እኔም ያወቁት መስሎኝ» አለ ሰዲቅ፤ ሌላ አልጨመረም። ወደ ሸሁ ዞሮ የቀረው ጥይት ይተኮስ አለ።

ደስታ ወደ የት እንደሚስት ጌታቸውን ጠየቀው። ጌታቸውም ወደ ግራ፣ ከስንዝር በላይ አለው። ደስታ ከጨርቁ ወደ ቀኝ አልፎ አነጣጠረ፤ እጁ ግን ከንዴቱ ገና አልበረደም ነበር። ሲተኩስ ጨርቁ ተርገበገበ። ነፋስም ነበር።

ሸህ ኸይረዲን ቀስ ብለው ወደ ቁርቁራው ሄዱ። ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ጨርቁን በጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩ። ከዚያ አወረዱት፤ አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«መትቷል» አሉ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ጨርቁን ያሳዩን ያለ ሰው አልነበረም። ጌታቸው ግን ዓይኑ አላታለለውም፤ ጥይቱ ከጨርቁ በስተግራ ግንዱን ልጦ፣ ቅርፊት ሲረግፍ አይቷል። ቀና ሲል ሰዲቅም ያንኑ የግንዱን ጎን ሲመለከት አገኘው። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሰዲቅ፤ ፊቱንም ከዛፉ መልሶ ደስታን አቀፈው።