ጣቷ የማይጣበቅ እንሽላሊት

የሙዚየማችንን የእንስሳት ክፍል ኃላፊ፣ ከመቀመጫው ስለማይነሳ፣ በሌለበት «ወንበሩ» እንለዋለን። በረሃ ረግጦ አያውቅም፤ ስለ በረሃ ግን ከእሱ በላይ አውሪ የለም። «እዚያ ምን አለ? አሸዋ!» እያለ የጉዞ ጥያቄዬን አራት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ቀበረው።

በአምስተኛው ዓመት እሱ የሕመም ፈቃድ ሲወጣ ተወካዩ ፈረመልኝ። ጋሼ ከምንላቸው ሾፌራችን ጋር ሄድን። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። በሦስተኛው ቀን ጎማ ፈነዳብን። ጋሼ ለጎማው ታኮ ብለው ድንጋይ ቢያነሱ፣ ሥሩ ጣት የምታህል እንሽላሊት ተጋድማለች።

«ነይማ ልጄ» አሉኝ። «ግድግዳ ላይ የምናያትን ትመስላለች። ግን ጣቷን እዪው፤ መጣበቂያ የላትም።»

እውነታቸውን ነው። የግድግዳዋ ጣት ሥር ያለው ሰፊ ንጣፍ እሷ ጋ የለም፤ ቀጭን ጥፍር ብቻ።

ሦስት ወር ቅርፊት ስቆጥር፣ ጠርሙስ ውስጥ ካሉት ናሙናዎች ሁሉ ጋር ሳስተያይ ከረምኩ። ለወንበሩ ሳሳየው ቀና እንኳ አላለም።

«የታወቀችው ናት።»

«ጣቷን ይዩልኝ፣ ዶክተር።»

«እኔ ያላየሁት ጣት የለም!»

ፎቶዋን የላክሁላቸው የሌላ ሙዚየም ሊቅ «አዲስ ዝርያ ናት» ብለው ሲጽፉ ግን ወንበሩ በአንድ ጀንበር አግኚ ሆነ። ኪሱ የበዛ የበረሃ ጃኬት ገዝቶ ጋዜጠኛ ጠራ።

«በጠራራ ፀሐይ» አለ፣ «በደረቴ እየተሳብኩ፣ ገደል ላይ በጣቶቿ ተለጥፋ አገኘኋት!»

ከኋላ የቆሙት ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይቅርታ ዶክተር፣ ይቺ እኮ መለጠፍ አትችልም። አዲስ ያሰኛት እሱ አይደል?»

«ሾፌር ስለ ሳይንስ ምን ያውቃል?»

እኔ የእግሯን ፎቶ ለጋዜጠኞቹ አደልኩ። አንዷ አየችውና «እሺ፣ እርስዎ ይንገሩን፤ የቱ ጣቷ ነው የሚለጠፈው?» አለችው። ወንበሩ ውኃ ጠጣ። ደግሞ ጠጣ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ጽሑፉ በእኔና በጋሼ ስም ወጣ። እሱ «ሥርዓት የጎደላቸው» ብሎ በደብዳቤ ከሰሰን፤ የሙዚየሙ ዳይሬክተር ግን አንብባ ሳትቀበለው መለሰችለት። ከዚያ ወዲህ በኮሪደር ሲያገኘን ፊቱን ያዞራል።

«ተቀየመን እኮ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ይቀየማ! ሰላምታውም ከአንገት በላይ ነበር።»