የገባ ከብት የለም

«እማ፣ እዚህ አጥር ውስጥ ማን ገብቶ ነበር?» አለችኝ ልጄ። መልሱን እያወቅሁ ደበቅኋት።

ልጄ በምርምር ጣቢያው የሣር ሥር ነው የምትመረምረው። የተጋጠውን ካልተጋጠው ለማወዳደር መስኩ ከታጠረ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከውጭ ከብት ይግጣል፣ ወደ ውስጥ አይገባም። ቁልፉን ይዞ የኖረው ባለቤቴ ነበር። እሱ ሲሞት ጥበቃውን ለእኔ ሰጡኝ። አመሻሽ ላይ መዝገቡን ገልጬ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አትማለሁ። ከጣቴ በላይ ምን እንደተጻፈ አላውቅም፤ ማንበብ አልችልም ነበር።

የዚያን ቀን ልጄ ላቦራቶሪ ወስዳ በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። የታጠበው ሥር ሰማያዊ ቀለም ጠጥቶ እንደ ሽማግሌ እጅ ደም ሥር ተጋድሟል።

«ሥሩ ውስጥ እንደ ክር የሚገባ ፈንገስ አለ። ከአፈሩ ውሃና ምግብ ያቀብለዋል፤ ሣሩ ደግሞ ቅጠሉ ከሠራው ስኳር ያካፍለዋል። ከብት አለመጠን ሲግጠው ሣሩ የሚያካፍለው ያጣል፤ ክሩም ይሳሳል።»

«ታዲያ ይሄኛው?»

«ከአጥሩ ውስጥ የመጣ ነው። ካቻምና ክሩ ሙሉ ነበር፤ ዘንድሮ ከውጭው አይለይም። የሣሩን ማጠር ድርቁ ነው አልን። ይሄን ግን ምን እንበለው? እበት የለ፣ ኮቴ የለ። የሌለ ከብት የጋጠው ነው የሚመስለው።» ሳቅ አለች። «በአባዬ ጊዜ እኮ ጉንዳንም ሳይፈርም አይገባም ነበር።»

እኔ አልሳቅሁም።

ባለቤቴ ከተቀበረ በኋላ ያሳደጋት ዳለቻ ላም መብላት ተወች። ቀትር ላይ፣ እሱ አጥሩን በሚዞርበት ሰዓት፣ በሩ ጋ ሄዳ ትቆማለች። ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ወደ ውስጥ ታያለች፤ የሚራመድ ሰው እንደምትከተል ዓይኗ ቀስ እያለ ይዞራል። የምታየውን ብፈልግ አጣሁ። ሆዴ አልችል አለና ከፈትኩላት። ገብታ ጋጠች። በነጋታውም ከፈትኩ፤ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሞላ። እበቷን በላስቲክ እለቅማለሁ፣ ኮቴዋን በመጥረጊያ አጠፋለሁ። አንዲት ላም ምድርን ምን ታደርጋለች ብዬ።

ከላቦራቶሪው ከወጣሁ ወዲህ መስኩን መርገጥ ፈራሁ። ከጫማዬ ሥር የተራበ ነገር እግሬን የሚያዳምጥ ይመስለኝ ጀመር።

በዚያው ሰሞን የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። በአምስተኛው ወር መዝገቡን ገልጬ ከጣቴ በላይ የታተመውን መስመር ፊደል በፊደል አነበብኩት፦ «ዛሬ ወደ አጥሩ የገባ ከብት የለም።» ገለበጥኩ። የገባ ከብት የለም። ገለበጥኩ። በየገጹ አውራ ጣቴ አለ። ወደ ኋላ ብሄድ የባለቤቴ ፊርማ መጣ፤ ያው መስመር፣ የእሱ ግን እውነት።

መዝገቡን አቅፌ ወደ ልጄ ሮጥኩ። ሪፖርቱ ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቷል። የጣቢያው ኃላፊ፣ የውስጡና የውጭው ሥር ስላልተለየ፣ ግጦሽ በፈንገሱ ላይ ለውጥ አያመጣም ብላ እንድትፈርም አዟታል። እስክሪብቶውን ከእጇ ነጠቅሁ።

«እማ፣ ምን ሆነሻል?»

«ቆይ፣ ልጻፍ።»

መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ «ላም ገብታለች። ያስገባሁ እኔ ነኝ።» ልጄ ድምፅዋን አውጥታ አነበበችው፤ እሷ ተማሪ እንደሆነች ሁሉ ቀስ ብላ።

«ስንት ጊዜ?»

«በየቀኑ። ቀትር ላይ።»

«እማ! ለምን?»

«አባትሽን የምታየው መስሎኝ።»

መዝገቡን ዘጋችው። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አየችው?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ፣ የኔ ልጅ።»

ሪፖርቱን ቀደደችው። የሁለት ዓመት ሥራዋ ተሰረዘ፤ ጥናቱ ራቅ ባለ ሌላ ጣቢያ እንደ አዲስ ይጀመር ተባለ። ቁልፉን ተቀበሉኝ። ልጄ በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ወደዚያው ሄደች። እኔ ቀረሁ። ዳለቻዋም ቀረች፤ ቀትር ላይ ከተቆለፈው በር ፊት ቆማ ወደ ውስጥ ታያለች።