ተረፈች ከሰዓት ጋር

ነርሷ ተረፈች በዋይንድሃም ቬል ሰፈር የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ዘንድ በፍጥነቷ የታወቀች ነጂ ናት። የኳየሩ ልጆች መኪናዋ ውስጥ ሲገቡ ከወትሮው ጠንከር አድርገው ይጸልያሉ። ባሏ ብስራት አንድ ቀን፣ "መፍጠን ካማረሽ የውድድር ሜዳ ላይ ፍጠኚ!" ብሎ ለጀማሪዎች የመኪና ውድድር አስመዘገባት።

ቅዳሜ ጠዋት የውድድሩ መኪና ፈታሽ መኪናዋ ውስጥ የሚንከባለል ነገር እንዳይቀር አዘዘ። የኪቦርድ ማቆሚያ፣ የኳየር ልብስና ግማሽ ኬሻ ሽንኩርት ወጣ። ብስራት ሁሉንም ታቅፎ ዳር ቆመ።

ተረፈች ሄልሜቷን አጥልቃ ገባች። ቀጥታው ላይ እንደ ጥይት ተተኮሰች። ኩርባው ጋ ስትደርስ ግን ፍሬቻ አበራች፤ ከኋላዋ የመጣውንም ሁሉ በትሕትና አሳለፈች። ተመልካቹ በሳቅ ፈነዳ። ከሁሉም መጨረሻ ወጣች።

የጀማሪዎቹ አሰልጣኝ ጠጋ ብላ፣ "ለማን ነው ፍሬቻ የምታሳዪው? እዚህ የምትሽቀዳደሚው ከሰዓት ጋር ብቻ ነው" አለቻት።

ከምሳ በኋላ ደግማ ገባች። እጇ ወደ ፍሬቻው በሄደ ቁጥር ራሷን እየተቆጣች፣ ኩርባውን ሁሉ ጎማዋ እስኪጮህ ታጠፈችው። ስትወጣ ሰሌዳው ላይ የወጣላትን ሰዓት አይታ፣ ላብ አጥምቋት ትስቃለች።

"በለጥሽ እንዴ?" አላት ብስራት።

"አዎ!"

"ማንን?"

"ጠዋት የነዳችውን ሴትዮ!"