አንዴማ ለወጉ ነው

፩

ስም፦ እሱባለው አንማው
በክለቡ የሚጠሩበት ስም፦ ሱቢ
በትልቁ ሊግ የተጫወቱት ጨዋታ ብዛት፦ አራት
ያልተሳካልዎት በምን ምክንያት ነው? (አንዱን ብቻ ይምረጡ)

☐ ጉዳት
☐ የፍጥነት ማነስ
☐ የቤተሰብ ናፍቆት
☐ የፍላጎት ማነስ
☐ ሌላ፦ ____________

፪

መስመሯን አያችኋት? ከ«ሌላ» ጎን ያለችውን? አንድ ጣት አትሞላም እኮ! እሱባለው ሜልበርን ውስጥ ትራም ነጂ ነው። ሁለት የምሳ እረፍት ሙሉ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይቺን መስመር ሲያያት ከረመ። ምን ብሎ ይጻፍባት? ይኼ ታሪክ እዚያች መስመር ላይ አልገባ ያለው ነው። ቆራርጬ በቁጥር ያቀረብኩላችሁም ለዚህ ነው፤ ባንዴ ልንገራችሁ ብል ሆዴ አይችልም።

ቅጹን የላከው የድሮ ክለቡ ነው። የክለቡን ስም አልነግራችሁም፤ ምን ያደርግላችኋል? ክለቡ ባለፉት ዓመታት መልምሎ መልሶ ያሰናበታቸውን ሁሉ «ጎበዝ ምልምሎች ለምን ይወድቃሉ?» እያለ ይጠይቃል። ከአስራ ስድስት ዓመት በኋላ መጠየቃቸው! ከቅጹ ጋር ግን በእጅ የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት ነበረች።

«ሱቢ፣ ቅጹን እርሳው። ክለቡ አዲስ የሚመጡትን ልጆች የሚይዝ፣ የሚያለማምድ፣ የሚመክር ሰው ይፈልጋል። ረቡዕ በምሳ ሰዓት እደውልልሃለሁ። ዴሪል።»

እሱባለው ይኼን ሥራ ፈለገ። ሆዱ እስኪባባ ፈለገ። ቅዳሜ ቅዳሜ የክለቡን ስካርፍ አንገታቸው ላይ የጠመጠሙ ሰዎች ትራሙን ሲሞሉት ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ ዝቅ ሲያደርግ ኖሯል።

፫

ጨዋታውን ለማታውቁ፦

እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም። ኳሷ የእንቁላል ቅርጽ ያላት ናት፤ መሬት ስትነካ ወዴት እንደምትነጥር ራሷም አታውቅም። በእግር ትመታለች፣ በእጅ ትያዛለች፣ ለጓደኛ ስትሰጥ በቡጢ ተመትታ ነው። መወርወር ብቻ ክልክል ነው። ሰው ትከሻ ላይ ጉልበቱን ተክሎ፣ አየር ላይ ወጥቶ የቀለባት ሰው የቀኑ ንጉሥ ነው። አገር ቤት እንዲህ ብታደርግ ሽማግሌ ይላክብሃል። አውስትራሊያ ውስጥ ግን ያጨበጭቡልሃል።

እሱባለው አንድ ጊዜ ወጥቶ ሲቀልብ፣ ተመልካቹ እስኪወርድ ድረስ ትንፋሹን ይይዝ ነበር።

፬

ያን ጊዜ።

ያን ጊዜ ሰባት ዓመቱ ነበር። እናቱ ወይዘሮ የሺእመቤት ከአገር ቤት ይዘውት መጥተው መንግሥት የሰጣቸው ረጅም ፎቅ፣ ሦስተኛው ደርብ፣ አሳንሰሩ ሁልጊዜ የተበላሸበት ሕንፃ ገቡ። ከፎቁ ሥር አስፋልት አለ። እዚያ አስፋልት ላይ ስፌቷ የተተረተረ ቀይ ኳስ ነበረች፤ የማን እንደነበረች እስካሁን አይታወቅም። ሽቅብ ሲለጓት እናቱ ልብስ ያሰጡበት በረንዳ ላይ ታርፋለች። ያኔ ጉድ ፈላ!

«መጀመሪያ ራት! አለበለዚያ ኳሷን አታያትም!»

ኳሷ እየታገተች፣ ራት እየተበላ፣ ኳሷ እየተፈታች አደገ። እሁድ ጠዋት ጤዛ ያረጠበው ሣር፣ ዳር ላይ የሚጠበስ ቋሊማ፣ የባሕር ዛፍ ሽታ! አሁን ትራም ውስጥ ሆኖ ትዝ ሲለው አፍንጫው ሥር ይመጣል። እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም፣ አለቀ።

ደግሞ ብርቱካኑ። በእሁዱ ግጥሚያ እረፍት ሰዓት ለልጆቹ የተቆራረጠ ብርቱካን በሰሀን ይዞርላቸዋል። የመጀመሪያ ቀን ሰሀኑ እሱ ጋ ሲደርስ፣ ጉሮሮው ደርቆ እየተሰነጠቀ፣ «አይ፣ አመሰግናለሁ» አለ።

ሰሀኑ አለፈ።

አልተመለሰም።

ነገሩ ያን ቀን ሊገባው ይገባ ነበር።

፭

ሰው ቤት ስትሄድ (መመሪያውን ያወጡት፣ በቁንጥጫም ያስከበሩት፣ ወይዘሮ የሺእመቤት ናቸው)፦

ሀ. ብላ ሲሉህ «በልቻለሁ» በል።
ለ. ሆድህ ቢጮህም በልተሃል።
ሐ. ሁለተኛ ሲሉህ «ኧረ ተዉኝ» በል፤ ድምፅህን ግን ቀነስ አድርግ።
መ. «በሞቴ!» ሲሉህ፣ አሁን እጅህን ታጠብ። በሞቴ ተብሎ እምቢ አይባልም።
ሠ. ገና በመጀመሪያው ጥያቄ «እሺ» ያልክ እንደሆነ፣ ሰው «እናቱ ምን ብላ አሳደገችው?» ይላል። እናትህን አሰድባት፣ ደግ አደረግህ!

፮

መልማዩ ዴሪል የመጣው እሱባለው አስራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ነው። ጎበዝ ልጆችን ከየሰፈሩ እየፈለገ ወደ ክለቡ ማምጣት ሥራው ነበር። አፍንጫው ሁለት ጊዜ ተሰብሮ የተጠገነ፣ ሆዱ የገፋ፣ ክራባት ያሰረ ሰውዬ ሦስት ደርብ በእግሩ ወጥቶ በላብ ተጠምቆ ደረሰ።

ወይዘሮ የሺእመቤት ማዕዱን አቀረቡ። ዴሪል በልቻለሁ አለ። እውነቱን ነበር፤ በልቶ ነው የመጣው! ማን ይስማው?

«በሞቴ!» አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት። ጠቅልለው አፉ ውስጥ አደረጉለት። ያበቃ መስሎት ሊተነፍስ ሲል ሁለተኛውን ጠቀለሉ። «የኔ ጌታ፣ አንድ ያጣላል! በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!»

«ይቺን ብቻ» አራት ጊዜ ሆነች። ዴሪል ክራባቱን ፈታ። በርበሬው ዓይኑን እያስለቀሰው ወደ እሱባለው ዞረ።

«ቤሞቲ ምን ማለት ነው?»

እሱባለው አፈረ። እንዲህ ያለ ቃል እንዴት ይተረጎማል?

«ብላ ማለት ነው» አለው።

ከዚያ ወዲያ ዴሪል ክለቡ ውስጥ ሳንድዊች ለሰው ባቀበለ ቁጥር «ቤሞቲ!» ማለት ለመደ። ሌላው ሁሉ ግራ ይገባው ነበር።

፯

ሁለተኛው ዓመት። ሐሙስ፣ ከልምምድ በኋላ፣ መልበሻ ክፍል።

እስከዚያ ቀን አራት ጨዋታ ተሰልፏል፤ ያውም ዳር ላይ፣ ያውም አብዛኛውን ተቀይሮ ተቀምጦ። እሱ የሚመኘው መሀሉን ነው። ዳኛው ኳሷን ሽቅብ የሚያነጥርበት፣ ጨዋታው የሚወለድበት ቦታ። እዚያ ኬን የሚባል አንጋፋ ዘጠኝ ዓመት ነግሦበታል፤ በዚያ ሳምንት ጉልበቱን አሞት ነበር። ዋናው አሰልጣኝ በበሩ ብቅ አለ።

«ሱቢ፣ ቅዳሜ መሀል ላይ ላስገባህ? ትፈልጋለህ?»

ሲመኘው የኖረው ቦታ! እና ምን አለ?

«አይ፣ ግድ የለም። ኬን አለ አይደል? እሱ ይግባ።»

እንዴት አድርጎ እንዳለው ብታዩት! አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ እናቱ ቢያዩት እልል የሚሉለት አባባል ነው ያለው። አሁን አሰልጣኙ «ኧረ ተው!» ይላል። እሱ «ታላቄ እያለ?» ይላል። አሰልጣኙ ትከሻውን ይይዝና «እንዲያውም ካንተ ሌላ አይገባም!» ይላል። እሱም እያፈረ እሺ ይላል። ወጉ ይኼ ነው። ከዚህ ውጭ ሰው እንዴት እሺ እንደሚል የሚያውቀው ነገር የለም።

፰

«ኖ ዎሪስ።»

፱

ችግር የለም ማለት ነው። እኛ ዘንድ «ችግር የለም» ከተባለ ወሬው ገና ሊጀመር ነው። እነሱ ዘንድ አልቋል።

እሱባለው ጫማውን ሳያወልቅ አርባ ደቂቃ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አሰልጣኙ ኮሪደሩን ዞር ብሎ ይመለሳል ብሎ ነው። የመጣው የጽዳት ሠራተኛው ነበር፤ «እግርህን አንሳልኝ» አለው።

ቅዳሜ ዕለት መሀል የገባው በሩጫም በዝላይም ከሱ የሚያንስ ሌላ ምልምል ነው። አሰልጣኙ ሲጠይቀው፣ ጥያቄው ሳያልቅ «አዎ!» ብሎ ነበር አሉ። ወይ ጉድ! ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረበትም። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ ጨዋታ ተጫወተ።

እሱባለው አልተማረም። ቁርጭምጭሚትህን ያምሃል? ሲሉት «ደህና ነኝ።» ብቻህን ላለማምድህ? ሲሉት «አይ፣ አላስቸግራችሁ።»

ኖ ዎሪስ። ኖ ዎሪስ።

፲

የስንብቱ ደብዳቤ የመጣ ቀን የተባለ፣ ቃል በቃል። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጅ ለእናቱ እየተረጎመ ነው።

እናት፦ ምን ይላል?
ልጅ፦ ተሰጥኦ አለው ይላል።
እናት፦ እሰይ! ሌላስ?
ልጅ፦ ሩጫው ግሩም ነው ይላል።
እናት፦ ታዲያ ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?
ልጅ፦ ግን አይርበውም ይላል።
እናት፦ ማንን? አንተን?
ልጅ፦ የነሱ አባባል ነው፣ እማ። ፍላጎት የለውም ለማለት ነው።
እናት፦ እንዴ! አብልቼ በላክሁ! ጠግቦ መውጣት ነውር ሆነ? ቆይ ነጠላዬን ላንሳ፣ ሄጄ ልንገራቸው!
ልጅ፦ እማ፣ ተቀመጪ።
እናት፦ አልፈልግም ብለሃቸው ነበር?
ልጅ፦ አዎ፣ ጠይቀውኝ ኬን ይግባ አልኩ።
እናት፦ ስንቴ ጠየቁህ?
ልጅ፦ አንዴ።
እናት፦ አንዴማ ለወጉ ነው!

(የማቀዝቀዣው ድምፅ።)

እናት፦ እኔ ነኝ፣ ልጄ። እንዲህ አድርጌ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ።
ልጅ፦ ደህና አድርገሽ ነው ያሳደግሽኝ።
እናት፦ በል ና ብላ።
ልጅ፦ አልፈልግም።
እናት፦ በሞቴ።

በላ።

፲፩

እዚህ ላይ አስራ አምስት ዓመት አለ። ትራም ነው። በሩ ይከፈታል፣ በሩ ይዘጋል።

 

 

፲፪

አምና ወይዘሮ የሺእመቤት አረፉ። ለቅሶው የተቀመጠው የዕድሩ አዳራሽ ነው። ዴሪል በዚያችው ክራባቱ መጣ፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሆዱ ጎድሏል። ጥግ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይነሳ ተቀመጠ። አንዲት ጎረቤት ሰሀን ይዘው ቀረቡት። አይ ሲላቸው፣ «በሞቴ ይቅመሱ» አሉት።

ዴሪል ቃሏን ሲሰማ ደነገጠ። እሱባለውን አጠገቡ አስቀመጠው።

«እናትህ ለኔ ያለችኝ ቃል ነው። ብላ ማለት ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ዋሽቼህ ነው። እምቢ ከምትለኝ እኔ ልሙት እንደ ማለት ነው።»

«ለአንድ ሰሀን ምግብ?»

«ለሰሀኑ አይደለም። የመጀመሪያው እምቢታ የሰውየው የራሱ እንዳልሆነ ስለሚታወቅ ነው። የወግ ነው። ደግሞ መጠየቅ የጋባዡ ፋንታ ነው።»

ከዚያ የሐሙሱን ነገር ነገረው። ለማንም ነግሮ የማያውቀውን፣ አርባውን ደቂቃ፣ ጫማውን፣ ሁሉንም። ዴሪል ሰሀኑን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ሁለተኛ እስኪጠይቅህ እየጠበቅህ ነበር?»

«አዎ።»

«እኛ እኮ አላወቅንም፣ ሱቢ።»

«እኔም አለማወቃችሁን አላወቅሁም።»

ዴሪል መሀረቡን አውጥቶ ያቺን የተሰበረች አፍንጫውን ተናፈጠ። እሱባለው ያን ዕለት ያለቀሰው ለእናቱ ብቻ አልነበረም። እምቢ ሲል የሚለምነው፣ በሞቴ የሚለው ሰው ከእንግዲህ በዓለም ላይ እንደሌለ ገብቶት ነው። ልክም ነው፤ እንደ እናት ማን አለ?

፲፫

ከሰኞ እስከ ረቡዕ የተደረገ ልምምድ፦

አዎ።

በየፌርማታው። በሩ ሲከፈት አዎ፣ ሲዘጋ አዎ። ቀይ መብራት ላይ፣ «አዎ፣ ዴሪል፣ እፈልጋለሁ።» አንዲት አሮጊት ተሳፋሪ እኔን ነው ብለው «ምን አልከኝ፣ ልጄ?» አሉት። መስታወት ፊትም ሞከረው። የገዛ ፊቱ አሳፈረው፤ እንደ ስግብግብ ታየው። ደግሞ ሞከረ።

አዎ።
አዎ።
አዎ።

ቅጹንም ሞላ መሰላችሁ? አልሞላም። ኪሱ ውስጥ ታጥፎ አለ።

፲፬

ረቡዕ። የምሳ ሰዓት። የትራሙ ማደሪያ፣ ውጭ፣ አጥሩ ጥግ።

ዴሪል፦ ሱቢ! ወረቀቴ ደረሰህ?
እሱባለው፦ ደርሶኛል።
ዴሪል፦ ስምህን ነግሬያቸዋለሁ። ዛሬ መልስ ይፈልጋሉ። ልጆቹ ሰኞ ይገባሉ፤ ሁለቱ ከናንተው ሰፈር ናቸው። ሥራውን ትፈልገዋለህ?
እሱባለው፦ አይ፣ እኔ እንኳ… ከኔ የተሻለ ሰው አይጠፋም።

ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ከየት መጣ? ሦስት ቀን ሙሉ አዎ ሲል የከረመ አፍ! አጥሩን በአንድ እጁ ጨብጦ ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ። ያቺን «ኖ ዎሪስ» ጠበቃት፤ ከአስራ ስድስት ዓመት በፊት በኮሪደሩ የሄደችውን።

አልመጣችም።

ስልኩም አልተዘጋም። ወዲያ ማዶ አንድ ሽማግሌ በተሰበረ አፍንጫው ሲተነፍስ ይሰማል። ሊናገር ጉሮሮውን ጠረገ። የሰው አገር ቃል እንዳይሰበርበት የሚጠነቀቅ ይመስል፣ ቀስ ብሎ፦

ዴሪል፦ «____________»