ይዞ የቆየው መስመር

ሻዩ እስኪፈላ ባሌ ጫማውን ቀባ፤ እኔ የሁለታችንን ምሳ ቋጠርኩ። ዝናብ ማካፋት ስለጀመረ ጃንጥላ ይዘን ወጣን። አውቶቡሱ ውስጥ የተገኘው አንድ መቀመጫ ብቻ ነበር። እኔን አስቀምጦ ከአጠገቤ ቆመ፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ጉልበቱ ጉልበቴን ይመታኛል።

«አንዳንዱ ቢሮም ይቀመጣል፣ አውቶቡስም ይቀመጣል» አለ።

«ዝም ብለህ ቁም። መቆም ያምርብሃል።»

እኔና ባሌ የምንሠራው አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እሱ ከታች፣ ላሜራ ጨፍልቆ የመኪና በር ከሚያወጣው ትልቅ ፕሬስ ማሽን ጋር ነው የሚውለው። ላሜራውን ሲያስገባም ሆነ በሩን ሲያወጣ ክንዱ ከብረቱ ሥር ይገባል። እኔ ፎቅ ላይ ማሽኑን የሚያዘውን ፕሮግራም እጠብቃለሁ።

ፕሮግራሙ በሁለት የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ነው። ከታች ሆኖ ብረቱን የሚያንቀሳቅሰው አሮጌው ክፍል በሲ፣ ከላይ ሆኖ ትዕዛዝ የሚያዘጋጀው አዲሱ ክፍል በፓይተን። የታችኛው የእኔ ነው። የላይኛውን የጻፈው ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ነው፤ ምንም ነገር ሳይጨርስ ስለማያድር «ጥድፊያ» እንለዋለን።

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ፕሮግራሙ ሳይታሰብ ይሞት ጀመር። ሲሞት ማሽኑ ቀጥ ይላል፣ ሠራተኛው ይሳደባል፣ እንደገና እናስነሳዋለን። አንድ ቀን ግን ከመሞቱ በፊት ብረቱን ለቀቀው። ከባሌ ጋር የሚሠራው፣ ለጡንቻው ሲባል «መዶሻ» የተባለው ሰው፣ ግራ እጁ ከብረቱ ሥር ነበር። ብረቱ ሲነሳ ጣቶቹ አዲሱ በር ላይ ተለጥፈው ቀሩ፤ አንደኛው የጋብቻ ቀለበቱን እንዳደረገ ነው።

መዶሻ አልጮኸም። ደሙን ደረጃው ላይ እያንጠባጠበ ቢሯችን ገባ። በደህና እጁ ጥድፊያን ማጅራቱን ይዞ ፊቱን ከጠረጴዛው ጋር አላተመው። ደገመው። ጥርስ ወለሉ ላይ ሲንከባለል ሰማሁ።

«ከላይ ነው ከታች?» አለን። «የማናችሁ ነው?»

ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

የእንዲህ ዓይነቱ ብልሽት ክፋቱ ይኸው ነው። የሚወጋው አንድ ቦታ፣ ሬሳው የሚገኘው ሌላ ቦታ። ፕሮግራሙ ሲሞት የሚያወጣው ሪፖርት ሁልጊዜ የሚጠቁመው የእኔን ክፍል ነበር፤ ያውም በየቀኑ ሌላ መስመር።

«ይኸው፣ አንቺ ጋ ነው የሚሞተው፣ እትዬ» ይለኛል ጥድፊያ ባበጠ አፉ።

«አንተ ጋ ተወግቶ እኔ ደጃፍ ቢወድቅስ?»

«አይ፣ ደግሞ እስከዚያ በእግሩ ሄደ?»

ሌላ መላ ሳጣ፣ እሱ በጻፈው የፕሮግራሙ ክፍል ውስጥ አንድ የኮድ መስመር ጨመርኩ። ታችኛው ሥራውን ሲጨርስ የተሰጠውን ትዕዛዝ መልሶ ስክሪን ላይ የሚያትም፣ ለመሰለያ ብቻ የገባ መስመር። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ መሞቱን ተወ። አለቃችን እጁን አፋተገ።

«ተፈታ!»

«አልተፈታም፣ አለቃ። ስናየው ተደብቆ ነው። መስመሩ ለምን እንደያዘው እስካውቅ ማንም እንዳይነካው ይንገሩልኝ።»

«ማሽኑ ይሠራል አይሠራም?»

«ይሠራል።»

«ታዲያ ምን ታካብጂያለሽ?»

ባሌም ጃንጥላ ይዘን በወጣንበት በዚያ ጠዋት አውቶቡሱ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር።

«ዛሬም እጄን ልክተት?»

«መስመሩ እስካለ ድረስ ክተት።»

«እንግዲህ አደራ። እጄ ከሄደ ጀርባሽን የሚያክልሽ የለም።»

ቢሮ እንደገባሁ ፕሮግራሙን ያለ መስመሯ፣ በራሴ ኮምፒውተር ላይ፣ የተጣለ ሚሞሪ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ጨርሻለሁ ብሎ የተወው የኮምፒውተር ማስታወሻ፣ በተነካ ቁጥር በሚጮህ መመርመሪያ ሥር አስነሳሁት። ደጋግሜ አስኬድኩት። ከምሳ በፊት ጮኸ።

ላይኛው ትዕዛዙን አንድ የሚሞሪ ቁራጭ ላይ ይጽፍና አድራሻውን ለታችኛው ይሰጣል። ከሰጠ በኋላ ጉዳዬ አለቀ ብሎ ይጥለዋል፤ የተጣለ ሚሞሪ የሚሰበስበው ጠራጊ አንስቶ ለሌላ ነገር ያውለዋል። ታችኛው ግን ገና እያነበበ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በላዩ በተጻፈው ቆሻሻ ተደናቅፎ ይሞታል። አንዳንዴ ቆሻሻው «ልቀቅ» የሚል ትዕዛዝ ይመስለዋል። የእኔ መስመር በመጨረሻ ላይ ትዕዛዙን ማተም ስላለበት፣ ታችኛው እስኪጨርስ ቁራጩ እንዳይጣል ይዞት ይቆያል።

ከደስታዬ ብዛት ብቻዬን ሳቅሁ።

«ጥድፊያ፣ ናማ እይ። በእግሩ ሄዷል። ያቺ መስመር ባትኖር ኖሮ—»

«የቷ?»

«የምታትመዋ።»

«እሷንማ ጠዋት አጠፋኋት» አለ። «አለቃ ተፈታ ካለ መፈለጊያ ምን ይሠራል? ጠራርጌ ማሽኑ ላይ ጫንኩት።»

የቢሯችን ልማድ ነው። ፍለጋ ሲያልቅ የመፈለጊያ መስመሮች ይጠረጋሉ፤ ትቶ የተገኘ የቢሮው መሳቂያ ይሆናል። ጥድፊያ የሁላችንንም ሥራ ነበር የሠራው።

ስልክ ብደውል በዚያ ጩኸት መሀል ማንም አይሰማም። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ፤ ወድቄ ጉልበቴ ተላጠ፤ ተነስቼ ሮጥኩ። በማሽኖቹ መሀል የባሌን ጀርባ አየሁ። ላሜራው ተንጋድዶበት ሊያቃናው ከነራሱ እስከ ትከሻው ገብቷል። ጆሮው በድምፅ መከላከያ ተሸፍኗል። ጮህኩ። አንዱ ሠራተኛ ዞር አለ፣ እሱ አልዞረም።

ብረቱ ወረደ።

ላሜራ ሲጨፈለቅ የሚያሰማውን ድምፅ በየቀኑ ፎቅ ሆኜ እሰማለሁ። ይህ ያ ድምፅ አልነበረም፤ እርጥብ ነበር። ደሙ ላሜራው ከሚያርፍበት ፎርማ ጠርዝ ላይ ተፈናጥሮ እስከ እኔ ደረሰ። እግሮቹ አንዴ ወለሉን ረገጡ፣ ከዚያ ተንጠለጠሉ።

ጥድፊያ ተከትሎኝ ወርዶ ነበር። ሠራተኞቹ አዩት፤ ከመዶሻ ጣቶች ወዲህ ጥፋቱን የእሱ ያደርጉት ነበር። አንዱ በርግጫ ጣለው። ሌሎቹ ተረባረቡበት። መዶሻ እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ ከዕቃ ክፍል መጥቶ፣ በደህናው እጁ የብረት ዘንግ አንስቶ ጎኑን መታው። የአጥንቱ ስብራት ከማሽኖቹ ጩኸት በላይ ተሰማ።

«እህቴ፣ ተዉት በያቸው፤ ይገድሉታል» አሉኝ አንድ ሽማግሌ ብየዳ ሠራተኛ ክንዴን ይዘው።

እኔ ወደዚያ እያየሁ አልነበረም። በግርግሩ ማሽኑን ያጠፋው ሰው አልነበረም። ብረቱ በዝግታ ተነሳ፤ ባሌን ከትከሻው በላይ ይዞት ትንሽ ከፍ አደረገውና ለቀቀው። ከዚያ እንደገና ወረደበት።

ክንዴን አስለቅቄ ሄድኩና ቀዩን ማቆሚያ በሁለት እጄ ተጫንኩት። ማሽኑ ሲጠፋ ድብደባውም ተገታ። መዶሻ ዘንጉን እንደያዘ ቆመ።

«የማን ነበር?» አለኝ።

«የድንበሩ፤ የእሱና የእኔ ክፍል የሚገናኙበት» አልኩት። «ተወው አሁን። ባሌን አውጡልኝ።»

አወጡልኝ። ሙሉውን አልነበረም።

ጥድፊያ በሕይወት ተርፏል፤ የሚሄደው በምርኩዝ ነው። መዶሻ ታስሯል። ትዕዛዙ እስኪፈጸም ቁራጩን ይዞ የሚያቆየውን ኮድ እኔው ጻፍኩት፤ ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ አልሞተም። ማሽኑ በር ያወጣል።

ባሌ የለም።