የገመዱ ሌላ ጫፍ

ሰውዬውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደድኩትም። ምሽጉን ሊጎበኝ የሚመጣ ሰው ወይ ያለቅሳል ወይ ፎቶ ያነሳል። እሱ ግን የእኛን የባሩድ ቤት በር ሲያይ ይውላል።

ባሩድ ቤት የምንለው ነጮቹ ባሩድ ያከማቹበት የነበረውን የምሽጉን ክፍል ነው። ሰው ሲሸጡበት የኖሩት ሄደው፣ ግንቡ እስር ቤትም ፖስታ ቤትም ሆኖ ካበቃ በኋላ፣ ክፍሉ በእናቴ ዘመን ለእኛ ለዓሣ አድራቂዎቹ ደረሰን። በጭስ ያደረቅነውን ዓሣ ከዝናብ የምናስጠልልበት ሌላ ጣሪያ የለንም። እሱን ካጣን ክረምቱን ምን በልተን እንደምንከርም እንጃ። ምሽጉን ሆቴል ሊያደርጉት ነው የሚል ወሬ ከመጣ ወዲህ ሰው ሁሉ ሰላይ ይመስለኛል።

ቁልፉን የሚይዘው የእናቴ ወንድም ኤኮው ነው፤ የምሽጉ አስጎብኚ። ለጎብኚ የሚደጋግማትን ንግግር በቃሌ ይዣታለሁ፦ "ነጩ መሬታችንን ሲለካ ብቻውን አልነበረም። የገመዱን ሌላ ጫፍ የያዘለት የኛው ሰው ነው።" እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰበራል።

ማክሰኞ ጠዋት ሰውዬው ምድጃዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

"ኮቢና እባላለሁ፣ እህቴ። እኔም የዚሁ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ የበቆሎ ኬንኬና ዓሣ እየበላሁ ነው ያደግኩት" አለኝ። ከዚያ ወደ ውኃው አየና "ዛሬ ጀልባዎቹ ምነው አልወጡም? ማዕበል አለ እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።

የያዝኩት ዓሣ ከእጄ አመለጠኝ። በልማዳችን ማክሰኞ ባሕሩ ያርፋል፤ ጀልባ የሚነካ የለም። ኮቢና ደግሞ ማክሰኞ የተወለደ ወንድ ስም ነው። እኔም አራባ የተባልኩት ማክሰኞ ስለተወለድኩ ነው።

"ኤፉዋ!" ብዬ ጎረቤቴን ጠራኋት። "ነይ ጉድ ስሚ! ማክሰኞን የማያውቅ ኮቢና መጥቶልሻል!"

"ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ!" ብላ ትከሻው ላይ ያንጠለጠለውን ቦርሳ ነጠቀችው።

ረጅም ሜትርና ደብተር ወጣ። ደብተሩ ላይ ባሩድ ቤታችን ተስሏል፤ መሐሉ ላይ "መጠጥ ቤት" ተብሎ ተጽፏል። ዓሣ አድራቂዎቹ ሴቶች ሁሉ ከበቡት። አጎቴም ጩኸቱን ሰምቶ እየሮጠ ደረሰ፤ ከሁላችንም በላይ የጮኸው እሱ ነበር።

"ሰላይ! ምን ታዩታላችሁ? አሁኑኑ አስወጡት!"

እነሱ ሲገፉት የእኔ ዓይን ደብተሩ ላይ ቀረ። "ከውስጥ፣ ርዝመት አሥራ ሁለት ሜትር" ይላል። ከውስጥ? ክፍሉ ሁልጊዜ እንደተቆለፈ ነው። ያን ሁሉ ርዝመት ደግሞ ሜትሩን ለብቻ ይዞ የሚለካ የለም።

"ቆይ" አልኩት ሰውዬውን። "አንድ ነገር ንገረኝና ትሄዳለህ። ሌላውን ጫፍ ማን ያዘልህ?"

ዓይኑ ወደ አጎቴ ሄደ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔማ ጠርጥሬ ነበር፤ ግን እንግዳውን ብቻ።

"አራባ፣ ልጄ፣ ነገሩ እኮ..." አለ አጎቴ።

ከልጅነቴ ጀምሮ አንቱ የምለውን ሰው "ቁልፉን አምጣ" አልኩት።

መሬት መሬት እያየ ባዶ እጁን ዘረጋልኝ።

"ትናንት ለሆቴሉ ሰዎች ሰጠኋቸው" አለ።